ሳጥኑ ለምን አቧራ ሳበ?

ጥያቄ፦ የኮሌጅ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። በበጋ አቧራ የተነሳ የስፔክትሮፎቶሜትራችን (ናሙና ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካ መሣሪያ) ንባብ እየዋለለ አስቸገረን። መሣሪያውን የምናስቀምጥበት የአልሙኒየምና የአክሪሊክ ሳጥን ሠርተን አየር የሚያወጣ ፋን ገጠምን። ይባስ ብሎ አቧራው ጨመረ። ምን አጠፋን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ችግሩ ፋኑ ነው። አየር ስታወጡ ሳጥኑ በየስንጥቁ አቧራ ይስባል። አዙሩት። ፋኑ አየሩን በሄፓ ፊልተር (እጅግ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ) አሳልፎ ወደ ውስጥ ይግፋ። ያኔ የውስጡ ግፊት ትንሽ ስለሚበልጥ፣ በስንጥቁ አየር ይወጣል እንጂ አይገባም።

ሄፓ 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ከሚያክለው ብናኝ 99.97 በመቶውን ያስቀራል። የፊልተሩ ጠርዝ በደንብ ካልታሸገ ግን ከንቱ ልፋት ነው። እኔ የመጀመሪያ ሳጥኔን ስሠራ ከክብሪት እንጨት የማትወፍር ክፍተት ሁለት ሳምንት አለፋችኝ። ያገኘኋት በሰንደል ነው። መሣሪያውን አውጡ፣ መብራት አጥፉ፣ የተለኮሰ ሰንደል ፋኑ አየር የሚስብበት ጋ ያዙ። ከዚያ በባትሪ የፊልተሩን ጠርዝ ከውስጥ እዩ። ቀጭን የጭስ ክር ብቅ ካለች ሲሊኮን እዚያው ነው የሚቀባው።

ፋኑን ሳጥኑ ላይ አትግጠሙት፣ ንዝረቱ ይረብሻል። መሬት ላይ አስቀምጡና በለስላሳ ቱቦ አገናኙት። ከሄፓው በፊት የሚታጠብ ስፖንጅ አድርጉ፤ ውዱን ፊልተር ያተርፍላችኋል። የመሣሪያው ሙቀት የሚወጣበት ቀዳዳም ተዉ።

አደራ፣ ባለ አራት ዴሲማል ሚዛናችሁን እዚያ እንዳታስገቡ። ነፋሱ ራሱ ቁጥሩን ያስጨፍረዋል።