በኮኮፒት ላይ ስለሚታመሙ ችግኞች፦ ከድሬዳዋና ከሐረር አልሚዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በመኖሪያ ክፍል ውስጥ በመብራት ሥር፣ አለዚያም በበረንዳ ጥላ፣ ቃሪያና ቲማቲም በኮኮፒት የምታለሙ ወዳጆች በዚህ ሳምንት የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ኮኮፒት የምንለው የኮኮናት ፍሬ ልጥ ተፈጭቶ፣ እንደ ጡብ ተጨምቆና ደርቆ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቡናማ ብናኝ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አብዛኞቻችሁ «ምን ማዳበሪያ ልጨምር?» ብላችሁኛል፤ እኔ ደግሞ ደጋግሜ ወደ ውኃው ስለምመልሳችሁ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከገንደ ቆሬ፦ ቃሪያዬ ስድስት ሳምንቱ ነው። ከላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ቀርቷል። ዩሪያ ጨመርኩለት፤ ባሰበት።

ዩሪያውን ዛሬውኑ ያቁሙ። ናይትሮጅን ያጠረው ተክል መገርጣት የሚጀምረው ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ነው፤ ምክንያቱም ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ መስጠት ይችላል። ብረትን ግን እንዲህ ማዘዋወር ስለማይችል፣ ብረት ሲያጣ የሚገረጣው አናቱ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ነው፤ ጅማቶቹም እርስዎ እንዳዩት አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ይህን አንድ ልዩነት የያዘ ሰው ግማሹን ምርመራ ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ብረት አጣ ማለት ግን በባልዲው ውስጥ ብረት የለም ማለት ላይሆን ይችላል። የድሬዳዋ የቧንቧ ውኃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ በኖራ ድንጋይ መካከል ያለፈ ውኃ ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያችንን ክዳን ከፍተን ውስጡን ብንመለከት፣ በጥፍር ቢፋቅ እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰበረ የሚወድቀውን ነጭ ነገር እናገኛለን። ቅርፊት ከመሆኑ በፊት በውኃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ባይካርቦኔት በየዕለቱ ኮኮፒቱ ውስጥ ሲገባ ፒኤቹን፣ ማለትም ኮምጣጣነት ሲጨምር ዝቅ የሚለውን የአሲድነት መለኪያ ቁጥር፣ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ፒኤቹ ከ7 ሲያልፍ ደግሞ ብረቱ ቢኖርም ሥሩ ሊወስደው በማይችል መልክ ይያዛል። ስለዚህ የሚያጠጡትንም ከታች የሚንጠባጠበውንም ውኃ ይለኩ። በኮኮፒት ላይ የሚፈለገው ከ5.8 እስከ 6.2 ያለው ነው፤ እስከ 6.5 ቢደርስም ተክሉ ይታገሣል። ፒኤቹ ሲስተካከል አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች አረንጓዴ ይሆናሉ፤ የገረጡት ሙሉ በሙሉ ላይመለሱ ስለሚችሉ በእነርሱ አይፍረዱ።

ከለገሃር፦ ፒኤች ለማውረድ ሎሚ እጨምቃለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ይወጣል። የባትሪ አሲድ ይሻላል የሚሉኝ አሉ።

የሎሚ አሲድን በኮኮፒቱ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ስለሚበሉት ለአንድ ማጠጣት ካልሆነ በቀር አያገለግልም። ኮምጣጤም እንደዚያው ነው። የባትሪ አሲድን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ በተለይ ከአሮጌ ባትሪ የተቀዳው እርሳስ የያዘ ስለሆነ በምንበላው ቃሪያ አጠገብ ሊደርስ አይገባም። ለእርሻ የሚሸጥ ፎስፎሪክ አሲድ ካገኙ፣ የእጅ ጓንት አድርገው፣ አሲዱን ወደ ውኃው እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ ሳይጨምሩ፣ በጠብታ እያማሰሉ ይለኩ። የክረምት የጣሪያ ውኃ ያጠራቀመ ሰው ከቧንቧው ጋር እኩል በእኩል ቢቀላቅል የአሲዱ ፍጆታ በግልጽ ይቀንስለታል።

ከሐረር፣ ሸንኮር፦ ኮኮፒቱ «የታጠበ ነው» ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። ችግኞቹ ግን ጫፋቸው ይቃጠላል፤ አዲሱም ቅጠል ተኮማትሮ ይወጣል።

ይህ ጥያቄ የራሴን ቁስል ነካው። በመጀመሪያው ዓመቴ እኔም «የታጠበ ነው» የተባለውን አምኜ ሁለት መቶ ያህል የሚጥሚጣ ችግኝ ሳቢያን በሚገኘው ቤቴ ዘራሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን እንደ ማንኪያ የተቆለመመ ቅጠል ያዙ፤ በወሩ ከሃያ የማይበልጡ ቀሩ። ነጋዴውን ብቻ መውቀስ አልችልም፤ መታጠብና ካልሲየም መጠገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

ጥሬ ኮኮፒት ሶዲየምና ፖታሲየም በብዛት ይይዛል። በውኃ ሲታጠብ የሚወጣው በነጻ የሟሟው ጨው ነው፤ በብናኙ ገጽ ላይ የተጣበቀው ግን እዚያው ይቆያል። ማዳበሪያ ስንሰጥ ብናኙ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ለራሱ ይስባል፣ በምትኩ ሶዲየምና ፖታሲየም ይለቃል፤ ተክሉ ሊበላ ተቀምጦ ማዕዱ ከፊቱ ይነሣበታል። መፍትሔው ከመትከል በፊት ነው። ጡቡን በውኃ አፍታተው የሚወጣው ውኃ እስኪጠራ ያጥቡት፤ ከዚያ በ10 ሊትር ውኃ 20 ግራም ያህል ካልሲየም ናይትሬት አሟሙተው ኮኮፒቱ እስኪሰጥም ያፍስሱና አሳድረው፣ በማግሥቱ አንጠፍጥፈው አንድ ጊዜ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ። ባለ 5 ኪሎው ጡብ ሲያብጥ 60 ሊትርና ከዚያም በላይ ስለሚሆን በርሜል ያዘጋጁ እንጂ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አይጀምሩት። አሁን የተተከሉትን ለማዳን ግን ከታች በደንብ እስኪፈስ በቀጭን የካልሲየም ናይትሬት ውኃ፣ በሊትር 1 ግራም ገደማ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ያጥቧቸው።

ከመልካ ጀብዱ፦ እኛ እርሻ ላይ በኤንፒኤስና በዩሪያ ነው የኖርነው። ለኮኮፒቱስ ለምን አይሆንም?

ለአፈር የተሠራ ማዳበሪያ ስለሆነ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ቢሆንም፣ አፈር ውስጥ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒየም፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ኮኮፒት ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና ስላልበዙ አሞኒየሙ ይጠራቀምና ሥሩን ይጎዳል፤ የካልሲየም አወሳሰድንም ያውካል። ኤንፒኤስ በበኩሉ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ ነው፤ ካልሲየምም፣ ማግኒዥየምም፣ ብረትም አይሰጥም። አፈር እነዚህን ከራሱ ጓዳ ያወጣል፤ ኮኮፒት ጓዳ የለውም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟና ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን የያዘ ማዳበሪያ፣ ከጎኑም ካልሲየም ናይትሬት ያስፈልጋል። ሁለቱን በወፍራሙ በአንድ ጀሪካን አይቀላቅሉ፤ ውኃው እንደ አጓት ከደፈረሰ ካልሲየሙ ከፎስፌቱና ከሰልፌቱ ጋር ተጋግሮ ወደ ታች ወርዷል፣ ገንዘብዎም አብሮት ወርዷል።

ከከዚራ፦ በቀን ስንት ጊዜ ላጠጣ? አፈር ላይ በሦስት ቀን አንዴ ነበር።

ኮኮፒት እንዲደርቅ አይተውም። ሲደርቅ ውኃው ይሄዳል፣ ጨው ግን ይቀራል፤ በባልዲው ከንፈር ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄትም ይኸው ነው። ትልልቅ ተክሎች በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ከ1,800 ሜትር በላይ ባለችው ሐረር ለዚያው ተክል አንድ ጊዜ ሊበቃ ይችላል። በሰዓት ከመመራት ባልዲውን በእጅ አንሥቶ ክብደቱን መልመድ ይሻላል። በእያንዳንዱ ማጠጣት ከሰጡት ውኃ ከ10 እስከ 20 በመቶው ከታች ይፍሰስ፤ የፈሰሰውም ተመልሶ እንዳይመጠጥ ከባልዲው ሥር ተነሥቶ ይደፋ። የኢሲ መለኪያ፣ ማለትም በውኃው ውስጥ የሟሟውን ጨው መጠን በሚሊሲመንስ በሴንቲ ሜትር የሚያሳይ መሣሪያ ያላችሁ፣ ለችግኝ ከ0.8 እስከ 1.2፣ ለደረሰ ቃሪያ 2 ገደማ በቂ ነው፤ የሚፈሰው ከሚገባው ከ1 በላይ በልጦ ከተገኘ ጨው ተጠራቅሟልና በቀጭን ማዳበሪያ ያጥቡ።

ከአዲስ ከተማ፦ ኮኮፒቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቲማቲሙ ቀትር ላይ ይጠወልጋል።

ሌላ ውኃ ከመጨመርዎ በፊት አንዱን ተክል ከነኮኮፒቱ ቀስ አድርገው ከባልዲው ያውጡና ሥሩን ይዩ። ጤነኛ ሥር ነጭ፣ የማይሸትና ጠንካራ ነው። ቡናማ ሆኖ ከሸተተ፣ በሁለት ጣት ይዘው ሲስቡት ልባሱ እንደ ጓንት ተንሸራቶ ክር የመሰለው መካከሉ ብቻ ከቀረ፣ ሥሩ በስብሷል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ውስጥ ጥቁር ባልዲ ሲግል ሥሩ አየር ያጥረዋል፤ የበሽታውም መንገድ በዚያው ይከፈታል። የበሰበሰውን ተክል አውጥተው ይጣሉ፣ የቀሩትን ባልዲዎች በነጭ ማዳበሪያ ጆንያ ይሸፍኑ፣ ከወለሉ ከፍ አድርገው በጡብ ላይ ያስቀምጡ። ሥሩ ነጭ ሆኖ ከተገኘና ተክሉ ማታ ከተቃና ግን ሙቀቱ ብቻ ነው፤ ጥላ ይበቃዋል።

ሦስት ሰዎች፦ የታችኛው ቅጠል በጅማቶቹ መካከል ቢጫ ይሆናል።

ማግኒዥየም ነው። በሊትር 1 ግራም የማግኒዥየም ሰልፌት በሳምንት አንዴ ለሁለት ሳምንት ይስጡ። ፖታሲየም የበዛበት ማዳበሪያ እየሰጡ ከሆነ እርሱን ይቀንሱ፤ አንዱ የሌላውን መንገድ ይዘጋል።

ከሐረር፣ ጀጎል፦ አበባው ሁሉ ይረግፋል፤ ቅጠሉ ግን ያማረ ነው።

ጥያቄው የመጣው ከሐረር ቢሆንም ክፍሉ በመብራት የሚሞቅ ይመስለኛል። ቲማቲም ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ፣ ሌሊቱም ከ21 በላይ እየሆነ ሲቆይ አበባውን ይጥላል። ማታ መስኮት ይክፈቱ፤ የማዳበሪያ ጉዳይ አይደለም።

አንዲት እናት፣ ከመጋላ፦ ልጄ፣ መለኪያውን የምገዛበት የለኝም። በዓይን ብቻ እንዴት ልለይ?

እትዬ፣ ከታመሙት ሁለት እኩል ተክሎችን ይምረጡና ለየብቻ ያስቀምጡ። ለአንዱ እስካሁን እንደሚያደርጉት ይቀጥሉ። ለሌላው ያጠራቀሙትን የዝናብ ውኃ፣ ዝናብ ከሌለም የቧንቧውን አፍልተው፣ አቀዝቅዘውና ነጩ ከታች ሲሰክን ከላይ ቀድተው፣ ማዳበሪያውን በግማሽ ቀንሰው ይስጡት። አሥር ቀን ይጠብቁ፤ የታመመውን ቅጠል ትተው ከአናቱ አዲስ የሚወጣውን ብቻ ያነጻጽሩ። የሁለተኛው አዲስ ቅጠል አረንጓዴና የተዘረጋ ከሆነ በሽታው ከውኃውና ከጨዉ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ከቀጠሉ፣ የአንዱን ሥር አውጥተው አይተው፣ ያዩትን እንደተመለከቱት ይጻፉልኝ።