የወታደራዊ መኪናህ አንዱ ባትሪ የሚፈላው ለምንድነው

ጥያቄህን አነበብኩት ወንድሜ። ከሠራዊት የወጣ ኤም35ኤ2፣ ማለትም በ24 ቮልት የሚሠራ የአሜሪካ ወታደራዊ የጭነት መኪና፣ ገዝተሃል፣ ከሁለቱ ባትሪ አንዱ ይፈላል ውሃው ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ሌላው ደግሞ ጠዋት ሞተሪኖ ለማዞር አቅም ያጣል፣ የሚፈላውን በአዲስ ቀየርከው አዲሱም መፍላት ጀመረ፣ አሁን ደግሞ ዲናሞ ቀይር ተብለሃል። ዲናሞውን ለጊዜው አትንካው። ጥያቄህ መጨረሻ ላይ "ሬዲዮና የስልክ ቻርጀር አስገብቻለሁ፣ 12 ቮልቱን ከአንዱ ባትሪ ነው የወሰድኩት" ብለህ ያለፍካት ነገር ናት ጣጣውን ያመጣችው።

ምን መሰለህ፣ ሁለቱ ባትሪ በተከታታይ ነው የታሰሩት፣ የአንዱ ፕላስ ከሌላው ማይነስ ጋር ተያይዞ 12 እና 12 ተደምሮ 24 ይሆናል። እንዲመቸን ማይነሱ ሻንሲ ላይ የታሰረውን የማሳ ባትሪ እንበለው፣ ፕላሱ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደውን የሞተሪኖ ባትሪ። ሬዲዮህ የሚበላው ከማሳ ባትሪው ብቻ ስለሆነ እሱ ብቻውን ይጎድላል፣ ያኛው ሙሉ እንደሆነ ይቀመጣል። ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው የሚያየው ድምሩን ነው፣ 28 ቮልት አካባቢ አድርሶ ይይዘዋል፣ ከረንቱ ደግሞ ሁለቱንም ባትሪ ተራ በተራ አቋርጦ ነው የሚሄደው፣ ለጎደለው ለይቶ የሚጨምርበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የጎደለው ገና ሳይሞላ ሙሉ የነበረው ከልክ ያልፍና ውሃውን ጋዝ እያደረገ ይፈላል፣ የጎደለው ደግሞ ሁልጊዜ ጎዶሎ ስለሚያድር ፕሌቱ ላይ ሰልፌት ይጋገርበትና ቀስ እያለ ይሞታል። በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው፣ አንዱ ሌሊቱን ሌላ ሥራ ሲሠራ ካደረ ጠዋት እኩል አይስቡም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ጌጅ አረንጓዴ ላይ ቆሞ ሰላም ነው የሚልህም እሱም የሚለካው ድምሩን ስለሆነ ነው፣ እሱን አትመነው።

ይህን ራስህ በቴስተር ማረጋገጥ ትችላለህ። መኪናው ካደረ በኋላ ሞተሩ ሳይነሳ እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻ ለካ፣ ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ወይም ትንሽ ከፍ ይላል፣ 12.2 አካባቢ ግማሽ ነው፣ ከ12 በታች ባዶ ነው በለው። ከዛ ሞተሩን አስነስተህ ጋዝ ትንሽ ሰጥተህ መጀመሪያ ድምሩን ቀጥሎ እያንዳንዱን ለካ። ድምሩ 28 ሆኖ ሁለቱም 14 አካባቢ ከሆኑ ጤነኛ ነው። ድምሩ 28 ሆኖ አንዱ 15 አልፎ ሌላው 13 ካልደረሰ ችግሩ እኔ ያልኩህ ነው። ድምሩ ራሱ 29 አልፎ ወደ 30 የሚሄድ ከሆነ ግን ችግሩ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው፣ ያኔ ስለ ዲናሞው እናወራለን።

መፍትሄው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ነው። ግቤቱን ከሁለቱም ባትሪ ጫፍ ትወስዳለህ፣ ማለትም ፕላሱን ከሞተሪኖ ባትሪው ፕላስ፣ ማይነሱን ሻንሲ ላይ ከሚታሰረው ማይነስ፣ መሃል ላይ ያለውን ማገናኛ ገመድ ምንም አትነካውም። ለሬዲዮና ለቻርጀር 20 አምፒር የሚሰጥ ከበቂ በላይ ነው፣ ግቤቱ ላይ 15 ወይም 20 አምፒር ፊውዝ አድርግ፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ኮንቨርተሩ ጋ ቢሆን ገመዱ መንገድ ላይ ተልጦ ሻንሲ ቢነካ የሚያድነው ነገር የለም። አንዳንድ ኮንቨርተር ሬዲዮው ጠፍቶም ትንሽ ትንሽ ይበላል፣ ስለዚህ በቁልፍ በሚነሳ ሪሌይ ወይም ቢያንስ በማብሪያ ማጥፊያ አስረው፣ በተለይ መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ። በሬዚስተር ቮልት ቀንስ የሚልህ ካለ አትስማው፣ የሬዚስተር ቮልት ሬዲዮው በሚስበው ልክ ይወጣል ይወርዳል። ኢኳላይዘር የሚባል ሁለቱን ባትሪ የሚያመጣጥን ዕቃም አለ ይሠራል፣ ለአንተ ግን ኮንቨርተሩ ይሻላል ባይ ነኝ።

ባትሪዎቹን በተመለከተ አንዱን ብቻ መቀየር ይቅር፣ አሮጌና አዲስ አብረው ሲታሰሩ ኮንቨርተር ገብቶም እኩል አይሄዱም። መጀመሪያ ለያይተህ እያንዳንዱን በ12 ቮልት ቻርጀር ሙላ፣ አንድ ቀን አሳርፈህ ለካ፣ የማሳ ባትሪው ተመልሶ ከወረደ አልቆለታል። ያኔ ሁለቱንም ዓይነታቸው፣ አምፒራቸውና ዕድሜያቸው አንድ በሆነ ጥንድ ቀይር። የውሃ ባትሪ ከሆነ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ጨምር፣ አሲድ አትጨምር።

ሥራውን ስትጀምር እባክህ ተጠንቀቅ። የሚፈላ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ሳጥን ውስጥ ከታመቀ አንዲት ብልጭታ ታፈነዳዋለች፣ ሳጥኑን ከፍተህ አናፍሰው፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቅ፣ መነጽር አድርግ። መጀመሪያ የምትፈታው ሻንሲው ላይ የታሰረውን ማይነስ ነው፣ ስትመልስም መጨረሻ የምታስረው እሱን። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ አትፍታ፣ ዲናሞውን ያኔ ነው በእውነት የምታቃጥለው። ደግሞ ጎን ላይ ያለው የስሌቭ ሶኬት፣ ማለትም ከሌላ ወታደራዊ መኪና በገመድ ለማስነሳት የሚሰካበት፣ 24 ቮልት ነው፣ የተራ መኪና ባትሪ እዛ ላይ አታገናኝ።

ሲዩሲቪ የሚባለው የአሜሪካ ጦር ሼቭሮሌት መኪና ያላቸው ሰዎች ይህን አንብበው ግራ እንዳይገባቸው፣ የእነሱ መኪና ሁለት ዲናሞ አለው፣ እያንዳንዱ ባትሪ የራሱ ቻርጅ አለው፣ 12 ቮልቱም ከፋብሪካ ጀምሮ የታሰበበት ነው፣ የሚመረመረው በሌላ መንገድ ነው።

ኮንቨርተሩን ካስገባህ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና እያንዳንዱን ለካ። ሞተሩ እየሠራ ልዩነታቸው ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ የሁለቱንም ልኬት፣ ሞተሩ ጠፍቶና እየሠራ፣ ጽፈህ ላክልኝ።