ወለል ላይ የተሳለ መርከብ

ልጆች፣ አርባ ዓመት ገደማ ከእንጨት ጋር ኖሬአለሁ። በር ሠርቻለሁ፣ ደረጃ ሠርቻለሁ፣ ጣሪያ አቁሜአለሁ። መርከብ ግን አንድም ሠርቼ አላውቅም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ መርከብ ሠሪዎች ነው። ወጣት ሳለሁ ያበላሸሁት አንድ ደረጃ አለ። ለምን እንደተበላሸ በደንብ የገባኝ የእነሱን ሥራ ቤት ሳይ ነው።

ደረጃውን ወረቀት ላይ አስልቼ፣ ተሸካሚውን ጣውላ በአንድ ከሰዓት ቆረጥኩት። ስንገጥመው የመጨረሻው እርከን ከሌሎቹ አራት ጣት አጠረ። ጌታዬ አልተቆጡኝም። ጠመኔ ሰጡኝና «ወለሉ ላይ ሳለው፣ በሙሉ ልኩ» አሉኝ። ተናደድኩ። ሕፃን ያደረጉኝ መሰለኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት፣ ባዝ የምትባል ከተማ ሄድኩ። ኬነቤክ ወንዝ ዳር ያለች የመርከብ ከተማ ናት። እዚያ ፐርሲ ኤንድ ስሞል የሚባል የእንጨት መርከብ መሥሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 ተጀምሮ በ1920 ሥራ አቆመ። ከሥራ ቤቶቹ በርካቶቹ እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ የሜይን ማሪታይም ሙዚየም ይጠብቃቸዋል። የእንጨት መሰንጠቂያው አለ። ቀለም የሚበጠበጥበትና የእንጨት ችንካር የሚዘጋጅበትም አለ። ችንካር ስል እንዳትንቁት። ሳንቃውን ከመርከቧ የጎድን አጥንት ጋር የሚያያይዘው እሱ ነው። ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ያኔ ይበልጥ ይጠብቃል። ብረት ይዝጋል፣ ችንካር ግን አይዝግም። ዕድሜውን ሙሉ ችንካር ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ይኖራል፤ ስሙን የሚያነሳው ግን የለም።

እኔን ያስቆመኝ ግን ባዶው ክፍል ነው። ሰፊ የእንጨት ወለል ብቻ። መርከቡ መጀመሪያ የሚሠራው እዚያ ወለል ላይ ነበር። ንድፉ የሚጀምረው ከትንሽ የእንጨት ሞዴል ነው፤ እሱም የመርከቡ ግማሽ ጎን ብቻ። ልኩ ከዚያ ተወስዶ ወለሉ ላይ በሙሉ መጠን ይሳላል። ሞዴሉ 48 ጊዜ ያነሰ ነው እንበል። በአንድ ሚሊሜትር የሳታችሁ እንደሆነ፣ ወለሉ ላይ አምስት ሴንቲሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የእኔ ደረጃም ችግሩ ይኸው ነበር፤ ወረቀቱ ትንሽ ስለሆነ ስህተቴን ደበቀልኝ።

ስህተቱን እንዴት ያገኙታል? ረጅም፣ ቀጭን፣ የሚተጣጠፍ ዘንግ አለ። በነጥቦቹ ላይ ያሳልፉትና ጎንበስ ብለው ያዩታል። ዘንጉ አንድ ቦታ ላይ ጎርበጥ ካለ አንዱ ነጥብ ዋሽቷል ማለት ነው። አንዳንዴ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ዓይን እምቢ ይላል። ያኔ ዓይን ይሰማል። አሁን እናንተ ኮምፒውተር ላይ ትሠራላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ እኔም ቢኖረኝ ደስ ባለኝ። ስክሪኑ ግን ሁሉንም ነገር አሳንሶ ያሳያል። የሚከብዳችሁን መገጣጠሚያ ብቻ እንኳ በሙሉ ልኩ አውጥታችሁ እዩት። አሥር ጊዜ ለካ አንዴ ቁረጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህን ስላችሁ ወለሉ ሁሉን ያውቃል እያልኩ አይደለም። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1909 ዋዮሚንግ የምትባል ባለ ስድስት ምሰሶ መርከብ ወደ ወንዙ አወረዱ። ፊትና ኋላ ወጣ ያሉትን እንጨቶቿን ጨምሮ 137 ሜትር ገደማ ትሆናለች። በዓለም ላይ ከተሠሩት የእንጨት መርከቦች እጅግ ትልቋ ከሚባሉት አንዷ ናት። የምትጭነው የድንጋይ ከሰል ነበር። ሸራዋን የሚጎትተው የእንፋሎት ሞተር ስለሆነ ጥቂት ሰው ይበቃታል።

እንጨት ግን ያን ያህል ሲረዝም ይለምጣል። ሞገድ መሃሏን ሲያነሳ ጫፎቿ ይወርዳሉ፤ ጫፎቿን ሲያነሳ መሃሏ ይሰረጉዳል። ሳንቃዎቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። በመካከላቸው የተጠቀጠቀው ቅጥራን የጠጣ ቃጫ ይላላል፣ ውሃ ይገባል። በብረት አሰሯት፣ ግን መለመጡን አልተወችም፤ ፓምፕም አይለያትም ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1924 ማሳቹሴትስ አጠገብ በማዕበል ሰጠመች። ከነበሩባት ሰዎች አንድም አልተረፈም።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ሠሪዎቹን ይወቅሳል። እኔ እጃቸውን አልወቅስም፣ እንደነሱ የሚሠራ አናጢ አላየሁም። ትዕዛዙን ግን እጠይቃለሁ። ትልቅ መርከብ ብዙ ከሰል ይጭናል፣ ብዙ ከሰል ብዙ ገንዘብ ነው። አንድ ቀን እናንተም እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ይመጣላችኋል። ደንበኛው ሲቸኩል፣ ክፍያው ሲያምር፣ «ይሄ እንጨት ይችለዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል። እኔም አፍሬ ዝም ያልኩበት ጊዜ አለ። ጣሪያ ነበር፤ እግዜር ይመስገን ከሥሩ ሰው አልነበረም።

ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ የዋዮሚንግን ፊትና ኋላ በሙሉ ልኳ በብረት አቁመውታል። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በእግሬ ልሄድ ተነሳሁ። ጉልበቴ አስቸገረኝና መሃል ላይ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ልብ አልኩት፤ የተቀመጥኩት ሞገድ ሲመጣ በምትጎብጥበት ቦታ ላይ ነበር።