10,000 እርምጃ ካልሞላሁ ከንቱ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ48 ዓመት ሴት ነኝ፤ ቢሮ ተቀምጬ ነው የምውለው። አሜሪካ ያለችው እህቴ እርምጃ የሚቆጥር አፕ ስልኬ ላይ አስጫነችኝ። በቀን 10,000 ይላል፣ እኔ ግን ከ4,000 አልፌ አላውቅም። ማታ ቁጥሩን ሳየው ተስፋ እቆርጣለሁ። ዳታ እንዳይበላብኝም ብዙ ጊዜ እዘጋዋለሁ። ልሰርዘው?
ኤ. ከመገናኛ

መልስ፦ ኧረ አይሰርዙት! ይልቅ ግቡን ይቀይሩት። ያንን 10,000 ሐኪም ያዘዘው አይደለም እኮ። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶን ባሸነፈ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር መቁጠሪያ ለገበያ አወጣና «ማንፖኬይ» አለው፤ የ10,000 እርምጃ መለኪያ እንደማለት ነው። የዕቃ ስም ነበር፣ ዓለም ሁሉ እንደ ሕግ ያዘው። ጥቅሙ የሚጀምረው ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ 5,000 ብለው ይሙሉት፣ ሁለት ሳምንት ከዘለቁ 500 ይጨምሩ።

ደግሞ 4,000 ያሉት ራሱ የሚጎድል ይመስለኛል። ማታ ቤት ሲገቡ ስልኩን ሶፋ ላይ ጣል አድርገው፣ ወጥ ሲያማስሉ፣ ቡና ሲያፈሉ፣ ከጓዳ ሳሎን ሲመላለሱ ያመሻሉ አይደል? ስልኩ አብሮዎት ካልተንቀሳቀሰ አንዷንም አይቆጥርም። ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት። ዳገትም አያውቅም፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ልብዎ እየደለቀ የረገጡትና ሜዳ ላይ የተንሸራሸሩት ለእሱ እኩል ነው።

ዳታውን በተመለከተ አይስጉ። እርምጃ የሚቆጠረው ስልኩ ውስጥ ባለ ሴንሰር ስለሆነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ዳታ የሚጨርሱት ቪዲዮና ካርታ ናቸው። ዳታውን ይዝጉ፣ አፑን ይተዉት።

ከእርምጃው ይልቅ እኔ ደቂቃውን ቢይዙ እመርጣለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል፣ ማለትም 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን። ፈጠን ያለ እርምጃ ይሁን፤ ማውራት እየቻሉ መዝፈን የሚያቅትዎት ዓይነት። ጠዋት ታክሲው ውስጥ አንድ ፌርማታ ቀደም ብለው «ወራጅ አለ» ይበሉ፣ ማታም እንዲሁ፣ ግማሹ እዚያው ያልቃል። ደረትዎን ካፈነዎት ወይም ካዞረዎት ግን ያቁሙና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ማታ ማታ ደግሞ ቁጥሩን ለእህትዎ ይላኩላት፣ የሷንም ይጠይቋት። 4,000ም ቢሆን ይላኩት።