ስለ ሙዚየም መኪኖች ጠይቁ፦ አሮጌው መፍቻ ይመልሳል

አሮጌው መፍቻ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ በየመኪና ሙዚየሙ ስለቆሙት አሮጌ መኪኖች ጠይቁኝ። ድሮ ሥራዬ እነሱን ማደስ ነበር፤ አሁን ይበልጡን እንዳይታደሱ መከልከል ሆኗል። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ዋጋ አትጠይቁኝ። ፋብሪካ የቀባው ቀለም ላይ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባሌስትራ፦ ጋሼ፣ ቪንቴጅ የሚባለው የቱ ነው?

አሮጌው መፍቻ፦ እንግሊዞቹ ከ1919 እስከ 1930 የተሠራውን ይላሉ። ሌላው ሰው እንዳሻው ይላል። ቀጥሉ።

ካንዴላ፦ ሙዚየም ገብቼ የተላላጠ ቀለም፣ የተቀደደ ወንበር አየሁ። ገንዘብ አጥተው ነው? አዲስ ቢቀባ አያምርም?

አሮጌው መፍቻ፦ ያምራል እንጂ። ጣጣውም እሱ ነው። ሲያምር ጊዜ ምን እንደጠፋ ማንም አይጠይቅም።

በሚቀጥለው ስትሄድ ያልታደሰ መኪና ፈልግና ጎንበስ ብለህ ፔዳሉን እይ። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ ያለው ጎማ አንዱ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ታገኘዋለህ። ሾፌሩ እግሩን ሁልጊዜ በዚያ በኩል ያሳርፍ ነበር ማለት ነው። መሪው ላይም እጁ የሚያርፍበት ቦታ ለስልሶ ይታያል። በድሮዎቹ መኪኖች ላይ ደግሞ በሩ ሲከፈት የሚገለጠውን ጠርዝ ጠጋ ብለህ ብታይ ፀሐይ ያላገኘው የመጀመሪያ ቀለም አለ፤ አንዳንዴ የቀቢው ብሩሽ የሄደበት መስመር ጭምር ይታያል። አንድ ጎበዝ ቀለም ቀቢ ይህን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት በአንድ ቀን ጠራርጎ ያወጣልሃል። ተመልሶ አይመጣም።

በጣልያንና በስዊዘርላንድ ድንበር ላይ ማጆሬ የሚባል ሐይቅ አለ። በ2009 ከሥሩ አንዲት ቡጋቲ መኪና ተጎትታ ወጣች፣ በ1925 የተሠራች፣ ብሬሺያ የሚባለው ሞዴል። ውሃ ውስጥ ከ70 ዓመት በላይ ቆይታለች። ግማሽ ጎኗ ተበልቷል። በማግስቱ ዓመት በጨረታ ስትሸጥ ገዢው ምን አደረገ? ምንም። እንዳለች ለእይታ አቆማት። አድሷት ቢሆን ኖሮ ሌላ አንዲት የሚያብረቀርቅ ቡጋቲ ትሆን ነበር፣ አለቀ።

ሌላም ልጨምር። በየካቲት 2014 አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ያለው ኮርቬት የሚባለው የስፖርት መኪና ሙዚየም ወለል ሌሊት ተደርምሶ 8 መኪና ዋጠ። ሦስቱን አደሱ። አምስቱን ግን እንደተጨረማመቱ ለእይታ አቆሟቸው። በጣም ትክክል አደረጉ።

ራዲያተር፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ አልስማማም። ከፍዬ ገብቼ ዝገት ልይ? ልጆቼ የሚያዩት የሚያብረቀርቀውን ነው።

ካንዴላ፦ አሁን ገና ገባኝ እኮ! የሚያብረቀርቅ ከፈለግክ አዲስ መኪና መሸጫ ሂድ።

ራዲያተር፦ የማይነሳ፣ የማይነዳ ብረት መኪና ነው እንዴ? መኪና መንዳት አለበት።

ሻንሲ፦ እሱ ላይ ራዲያተር እውነቱን ነው። ቆሞ የሚቀር መኪና ይሞታል። እኔ ያለችኝን አሮጌ መኪና በየሳምንቱ 5 ደቂቃ አስነስቼ አጠፋታለሁ።

አሮጌው መፍቻ፦ ኧረ በፈጠረህ! እየገደልካት ነው። ነዳጅ ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል። ሞተሩ በደንብ ካልሞቀ ያ ውሃ ተንኖ አይወጣም፤ ዘይቱ ውስጥና የጭስ ማውጫው ቱቦ ውስጥ ይቀራል። በየሳምንቱ አንድ አንድ ጉንጭ ውሃ እያጠጣሃት ነው። ወይ በደንብ እስክትሞቅ ንዳት፣ ወይ ጨርሶ አትንካት።

ሙዚየሞች ለረጅም ጊዜ የሚያቆሙትን እንዲህ ያደርጋሉ። ነዳጁን ከሳልባትዮው፣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ ያወጡታል፤ የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ሆኖ ነዳጅና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡሬተር ይደፍናል። ባትሪውን ይፈታሉ። ጎማው በአንድ በኩል እንዳይዘፈጥ ሻንሲውን፣ የመኪናውን የሥር ብረት፣ በድጋፍ ያነሱታል። የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ ሆኖ እንዳይዋዥቅ ይጠብቃሉ። ከበዛ ብረቱ ይዝጋል፣ ካነሰ እንጨቱና ቆዳው ይሰነጠቃል። አዎ፣ እንጨት! በብዙዎቹ የድሮ መኪኖች ላሜራው የተመታው በእንጨት አጽም ላይ ነው።

ቺንጎ፦ ስለ አሮጌ መኪኖች ትንሽ አብራራልን።

አሮጌው መፍቻ፦ ስለየትኛው? ስለ ምኑ? ጥያቄ ይሁን እንጂ ወንድሜ።

ቺንጎ፦ እሺ፣ በዓለም ብዙ የተሸጠው አሮጌ መኪና የቱ ነው? ፎርድ ሞዴል ቲ አይደል?

ሻንሲ፦ ቮልስ ናት!

ራዲያተር፦ ሞዴል ቲ ነው። ከ15 ሚሊዮን በላይ።

ሻንሲ፦ በ1972 ቮልስ በለጠቻት። በመጨረሻ 21 ሚሊዮን አልፋ በ2003 ነው የቆመችው፣ ሜክሲኮ ውስጥ።

ራዲያተር፦ ፎርድ ግን በ19 ዓመት ውስጥ ነው የጨረሰው። ቮልስ ስንት ዓመት ፈጀባት? ከ60 በላይ! እስቲ አካፍለው።

ካንዴላ፦ ኧረ ተዉ፣ ጥያቄውን አስጨርሱን።

አሮጌው መፍቻ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ዝም በሉ። ስለ ሞዴል ቲ ካነሳችሁ የሚገርመኝን ልንገራችሁ። ሦስት ፔዳል አለው፣ አንዱም ግን ነዳጅ መስጫ አይደለም። ነዳጁ የሚሰጠው መሪው ሥር ባለ እጀታ ነው። የመሃለኛው ፔዳል የኋላ ማርሽ ነው። ፍሬኑ በስተቀኝ። የዛሬ ሾፌር ቢቀመጥበት ነዳጅ እሰጣለሁ ብሎ ፍሬን ይረግጣል። ሳልባትዮው ወንበሩ ሥር ሆኖ ነዳጁ በራሱ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ዳገቱ ሲከፋ ወደ ሞተሩ መድረስ ያቅተዋል። ስለዚህ ሰዉ መኪናውን አዙሮ በኋላ ማርሽ ይወጣ ነበር።

ደግሞ «ጥቁር ብቻ ነበር» የምትሉ አላችሁ። ጥቁር ብቻ የሆነው ከ1914 እስከ 1925 ነው። ከዚያ በፊት አረንጓዴም ቀይም ነበረው። አረንጓዴ ሞዴል ቲ ስታዩ «ተሳስተዋል» ብላችሁ አስጎብኚውን አታስቸግሩ።

ባሌስትራ፦ በእጅ ሲነሱ ሰው ይጎዳሉ የሚባለው እውነት ነው?

አሮጌው መፍቻ፦ እውነት ነው። ሞተሩ ወደኋላ ከመታ በእጅ እየዞረ የሚያስነሳው ብረት የእጅ አንጓ ይሰብራል። ለዚህ ነው አውራ ጣት ብረቱን የማይጨብጠው፣ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል ነው የሚሆነው። ካዲላክ በ1912 ሞዴሎቹ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማስነሻ፣ ሞተሪኖ፣ ሲያስገባ ነው ነገሩ የቀለለው። ሙዚየም ውስጥ ያን ብረት እንዳትነኩ። ሌላውንም አትንኩ። የእጅ ላብ ኒኬሉን ይበላዋል።

ካንዴላ፦ የጥንቶቹ ጎማ ለምን ነጭ ሆነ? ለውበት?

አሮጌው መፍቻ፦ የለም። ጥቁር የሚያደርገው ካርቦን ነው፣ እሱ የተጨመረው በኋላ ነው። ጥንካሬም ሰጠው።

ፒስተን፦ አሁን ገባሁ። ሙዚየም ያለ መርሴዲስ ስንት ያወጣል?

አሮጌው መፍቻ፦ መግቢያውን አላነበብክም።

ፒስተን፦ በግምት?

አሮጌው መፍቻ፦ በ2022 መርሴዲስ ከራሱ ስብስብ በ1955 የተሠራ አንድ «300 ኤስኤልአር ኩፔ» ሸጧል፣ በ135 ሚሊዮን ዩሮ። እንደሷ ያለ የተሠራው 2 ብቻ ነው። ግምትህን ከዚያ ጀምር። ሌላ ጥያቄ።

ዲናሞ፦ ጋሼ፣ አባቴ የተወልኝ ቮልስ አለች። ቀለሟ ደብዝዟል እንጂ ዝገት የላትም። ላስቀባት?

አሮጌው መፍቻ፦ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ለማን ነው የተናገርኩት? አታስቀባት። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ እጠባት። ደብዝዞ የምታየው ብዙ ጊዜ የላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ነው፣ ከሥሩ ጤነኛ ቀለም ይኖራል። ኮፈኑን ክፈትና የውስጡን ከውጪው ጋር አስተያይ። የሁለቱንም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። እስክመልስልህ ድረስ ማሽን የያዘ ሰው እንዳታስጠጋት።