ልጄ የማታውን ንባብ ትሸሻለች ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ6 ዓመት ልጅሽ ማታ መጽሐፍ ቅዱስ ስትከፍቺ ትሸሻለች። አንቺና ባለቤትሽ ከሥራ የምትገቡት ዝላችሁ ነው። እሱ ደግሞ ድምፅ አውጥቶ መጸለይ ያፍራል። «እምነታችንን ሳናካፍላት ብታድግብንስ?» ብለሽ ሰግተሻል። ስጋቱን አውቀዋለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ 16 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 7። ከስህተቴ ልጀምርልሽ።

ለትልቁ ልጄ የማታ ፕሮግራም አውጥቼለት ነበር። ንባብ፣ ጥያቄና መልስ፣ ጥቅስ በቃል መያዝ፣ ከዚያ ጸሎት። 40 ደቂቃ ይፈጃል። ልጁ ገና 5 ዓመቱ ነው። እሱ ያዛጋል፣ እግሩን ያወዛውዛል፤ እኔ እቆጣለሁ። አንድ ማታ መብራቱን ላጠፋ ስል፣ «እማዬ፣ እንቅልፍ ሲመጣብኝ እግዚአብሔር ይናደድብኛል?» አለኝ። ልቤ ስብር አለ። ለካ የእኔን ቁጣ የእግዚአብሔር ቁጣ አድርጎ ነው የያዘው።

በዚያው ሰሞን ዘዳግም ምዕራፍ 6ን እንደገና አነበብኩ። «ለልጆችህም አስተምረው» የሚለውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ቀጥሎ ያለውን ግን ዘልዬው ኖሬያለሁ። በቤትህ ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ ተናገረው ይላል። አራቱም ማንም ቤተሰብ በየቀኑ የሚያልፍባቸው ጊዜያት ናቸው። ከዚያ በፊት ያለው ቁጥር 6 ደግሞ ቃሉ መጀመሪያ በወላጁ ልብ ይሁን ይላል። እኔ ልጄን በቃል ሳስጠና ለራሴ ቁጭ ብዬ ካነበብኩ ወራት አልፈው ነበር።

ፕሮግራሙን ተውኩት።

ለእኔ ትልቁ ጊዜ መንገድ ላይ ያለው ሆነ። ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይጠይቀውን ጎን ለጎን ሲሄድ ይጠይቃል። ሁለተኛዋ ልጄ የአንቺን ልጅ ዕድሜ እያለች መንገድ ዳር የሞተች ወፍ አየች። ቀጥ ብላ ቆመች። «እግዚአብሔር ወፎችን ይመግባል ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ። ቸኩለን ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን «ነይ፣ ረፍዷል» ብዬ እጎትታት ነበር። የዚያን ቀን ግን አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ለምን እንደሞተች እንደማላውቅ ነገርኳት። ጌታ ኢየሱስ ግን አንዲት ድንቢጥ እንኳ ያለ አባታችሁ ፈቃድ አትወድቅም ማለቱን ነገርኳት። «ይህችንም ያውቃታል?» አለች። «ያውቃታል» አልኳት። ቅጠል ለቃቅማ አለበሰቻት። መንገዱን ሙሉ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ። ከሳምንታት በኋላ እናቴ ስትታመምብን፣ «አያቴንም ያውቃታል አይደል?» ብላ የጠየቀችኝ እሷው ናት።

እዚህ ላይ ልለምንሽ። ዝምታውን በስብከት አትሙዪው። ልጅ አንድ ነገር ሲጠይቅ የሚፈልገው የዚያኑ መልስ ነው። አጋጣሚውን ሁሉ ትምህርት ካደረግንባቸው መጠየቅ ያቆማሉ። በትልቁ ልጄ አይቼዋለሁ፤ መልሶ እስኪጠይቀኝ ድረስ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቶብኛል።

«እግዚአብሔር ያይሻል!» የሚለውን ማስፈራሪያም ከአፌ ለማጥፋት ብዙ ታግያለሁ። ዘፍጥረት 16 ላይ የሣራ አገልጋይ የነበረችው አጋር ነፍሰ ጡር ሆና ወደ ምድረ በዳ ሸሽታ ሳለ እግዚአብሔርን «ኤልሮኢ» ብላ ጠራችው። የሚያየኝ ማለቷ ነው። ለእሷ መታየቷ መጽናኛዋ ነበር። እኔ ያንኑ ቃል ጣፋጭ የሰረቀ ልጅ ማስደንገጫ አድርጌው ነበር። አሁን ልጆቼን «እግዚአብሔር ያይሃል፣ ያይሻል» የምላቸው ፈርተው ወይም ብቻቸውን ሆነው ሲከፋቸው ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ይቅርታ መጠየቄ ነው ልጆቼ ውስጥ የገባው። አንድ ቀን ስልኬን መሬት ላይ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ትልቁ ልጄ ያኔ 9 ዓመቱ ነበር። እህቱ ፊት ጮህኩበት። «እኔ አይደለሁም» ቢለኝ አልሰማሁትም። ማታ ላይ መስኮቱን ስከፍት መጋረጃው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠራርጎ ሲጥል አየሁ። ስልኩንም ጠርዝ ላይ የተውኩት እኔው ነበርኩ። ወደ ክፍሉ ለመግባት አንድ ሰዓት ያህል ወሰደብኝ። እናት ነኝ፣ በፍቅር ባቅፈው ይበቃዋል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። በመጨረሻ አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁና፣ «በድዬሃለሁ። ያላደረግኸውን አደረግህ ብዬሃለሁ። ይቅር በለኝ። እግዚአብሔርንም ይቅር በለኝ ብዬዋለሁ» አልኩት። «ትልቅ ሰውም እግዚአብሔርን ይቅርታ ይጠይቃል?» አለኝ፤ በጣም ገርሞት። በማግስቱ እህቱም ስታለቅስ እንደነበር ስለሰማሁ እሷንም ይቅርታ ጠየቅኋት።

አምስት ዓመት አለፈ። አንድ ማታ ይኸው ልጅ የደበቀውን የፈተና ውጤት ይዞ ወደ እኔ መጣ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ለምን አሁን እንዳመጣው ስጠይቀው፣ «አንቺ ያኔ ስለ ስልኩ ነግረሽኝ አልነበር?» አለኝ። ያን ሁሉ ጥቅስ ሳስጠናው እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

የማታውን ነገር አጭር አድርጊው፤ 3 ደቂቃ ይበቃል። ንባቡ ከከበዳት ታሪኩን በራስሽ አፍ ንገሪያት። ትንሿ ልጄ ኢየሱስን ለማየት ዛፍ ላይ የወጣውን ዘኬዎስን የወደደችው ወንበር ላይ ወጥታ «ውረድ» እስክትባል እየጠበቀች ነው። ከዚያ ዛሬ ደስ ያላትንና የከበዳትን ጠይቂያት፤ የነገረችሽን ራሱን ይዘሽ ጸልዪ። እንቅልፍ ከወሰዳት ይውሰዳት።

ስለ ባለቤትሽ ያልሽው የእኛም ቤት ጉዳይ ነበር። ባለቤቴ ሰው ፊት መጸለይ ይጨንቀዋል። ሳስገድደው ይባስ ዘጋ። የሚያደርገው ግን አንድ ነገር ነበረው፦ ጠዋት ከሁላችን ቀድሞ ተነስቶ ብቻውን ያነባል። በሩን ዘግቶ ነበር የሚያነበው። ክፍት እንዲተወው ብቻ ለመንኩት። ትንሿ ልጄ ብርድ ልብሷን እየጎተተች ትመጣና ጎኑ ትለጠፋለች። ጮክ ብሎ አያነብላትም፤ ጣቱን በመስመሩ ላይ ያስኬድላታል። ፊደል መለየት የጀመረች ሰሞን «ይቺን እኔ አነበብኳት!» ብላ ጮኸች። «ሰላም» የምትል ቃል ነበረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን አውጥቶ አብሯት የጸለየው ያን ቀን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት።