ሕፃኑ መጥባት እስኪችል አትጠብቁ

ልጆቼ፣ ወጣት ነርሶች፣

በቅርቡ አንዲት ወጣት ነርስ ደወለችልኝ። የጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ከተመደበች ብዙም አልቆየች። «ሲስተር፣ ልጇ በኦክስጅን ተይዞ፣ እናትየዋ ኮሪደር ላይ እያለቀሰች፣ እንዴት ብዬ ነው ጡትሽን እለቢ የምላት? ጭካኔ አይሆንም?» አለችኝ።

ልበ ሩኅሩኅ ልጅ ናት። ጥያቄዋ ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። አንዲት እናት ትዝ አለችኝ።

ያኔ ጀማሪ ነበርኩ። በምሠራበት ሆስፒታል ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ማሞቂያ ክፍል ይገባል። እናቱ ደግሞ ደህና ከሆነች በማግስቱ አልጋ ትለቅቃለች። ልጇን የምታየው በመስታወት ነው፣ እሱም በቀን አንዴ። መንካት አይፈቀድም። ኢንፌክሽን ታስገባለች ይባል ነበር። እናትን ማስለብ የሚባል ነገር በክፍሉ ደንብ ውስጥ አልነበረም።

ሴትዮዋ ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጣች ናት። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ በሰባት ወሩ ተወልዶ 1300 ግራም ይመዝናል። ዘመድ ቤት እያደረች ጠዋት ጠዋት ትመጣና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ትቀመጣለች። ለማንም አትናገርም። ምግብ የሚያመጣላትም አልነበረም። አንዲት የፅዳት ሠራተኛ ከራሷ ምሳ ቆርሳ ታበላት ነበር። አራስ ናት እኮ! ቤቷ ብትሆን ገንፎና አጥሚት የሚቀርብላት ሴት ናት።

በሦስተኛው ቀን ግድም ጡቷ አጋተ። ቀሚሷ ከፊት ለፊት ይረጥባል፣ እሷ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። አፍራ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ልጇ በቱቦ የጣሳ ወተት ይሰጠዋል፤ ወዲህ የእሷ ወተት በቀሚሷ ላይ ይፈሳል። በመሃል አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ያሳደረቻት ዘመዷ ሕመሟን አይታ ጡትሽን በመቀነት እሰሪው፣ ይደርቅልሻል አለቻት። በደግነት ነው። እሷም አሰረችው።

ሳምንታት አለፉ። ልጁ ክብደት ጨመረ። አንድ ቀን ሐኪሙ «አሁን ይጠባል፣ እናቱን ጥሯት» አለ። ገባችና ለመጀመሪያ ጊዜ አቀፈችው። ልጁ አፉን ከፍቶ ያዘ፣ ሳበ። ምንም የለም። ደግሞ ሳበ። ከዚያ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝና «ሲስተር፣ ወተቱ እኮ ነበረ። ይፈለጋል ብሎ ማን ነገረኝ?» አለችኝ።

ልጁ በጣሳ ወተት ከሆስፒታል ወጣ። አባቱ ገበሬ ነው። የጣሳውን ዋጋ ሲነግሩት ዝም ብሎ እጁን ያይ ነበር። ውኃቸው የምንጭ ነው፤ ሱቅ ያለበት ከተማ ደግሞ ሩቅ። ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆኑ አልሰማሁም። ልጁ በሕይወት ካለ ዛሬ ጎልማሳ ነው።

አሁን ቢሆን ወተቷን ለመመለስ እንሞክር ነበር። ልጁን ደረቷ ላይ አድርገን፣ ቶሎ ቶሎ አስልበን፣ ጡቷን ሲስብ በጎን በቀጭን ቱቦ ወተት እያገኘ። ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ በአጠገባችን አልነበረም።

ለደወለችልኝ ልጅ፣ እናትየዋን ጡቷን እንድታልብ ንገሪያት አልኳት። በመጀመሪያው ቀን ንገሪያት፤ ከተቻለ በወለደች በስድስት ሰዓት ውስጥ። ከ34 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ መሳብ፣ መዋጥና መተንፈስን አንድ ላይ ማስኬድ አይችልም። እሱ እስኪችል ከተጠበቀ ወተቷ ይሄዳል። ጡት ወተት የሚሠራው ሲጠባ ወይም ሲታለብ ነው፤ ካልታለበ ያቆማል። በቀን ከስምንት ጊዜ ማነስ የለበትም። ሌሊቱም ይቆጠራል፤ እንዲያውም ወተት የሚያሠራው ሆርሞን ሌሊት ይበረታል።

እጅ መታጠቡን፣ ኩባያ መቀቀሉን አልነግራችሁም። ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችሁ የማትነግሯት ሌላ ነገር አለ፤ መጀመሪያ የሚወጣው እንገር ጠብታ ብቻ መሆኑን። እናት ያቺን ስታይ ተስፋ ትቆርጣለች። «ይቺ ምን ትሆነዋለች?» ትላለች። ለእሱ ሆድ ትበቃዋለች በሏት። ከስሪንጁ ላይ አንዷን ጠብታ እንኳ አታስቀሩ። መዋጥ ለማይችለው ከንፈሩንና ድዱን ቀቡለት። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ አንጀቱ ገና ነው፤ በቀላሉ ይቆስላል፣ ይህ ደግሞ ይገድላል። የእናቱ ወተት ይህን አደጋ ይቀንስለታል።

አያቶች እንገሩ ይደፋ ካሏችሁ አትቆጧቸው። የኔ አያት ለተወለደ ሁሉ ቅቤ ታልስ ነበር። ከእሷ በላይ ሕፃን የሚወድ አላየሁም። አስረዷቸው፣ ከዚያ ሥራ ስጧቸው። አጥሚቱን ያምጡ፣ ጀርባዋን ይሹላት።

እናትየዋን አታስጨንቋት። ወተትሽ አነሰ፣ ዛሬ ስንት ሚሊ ሊትር ሆነ እያላችሁ አትቁሙባት። የተጨነቀች ሴት ወተቷ በቀላሉ አይወርድም። ግን ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀስቅሷት፣ ተነሺ እለቢ በሏት። ሁለቱ ይጋጫሉ፣ አውቃለሁ። እኔም ስሠራ የኖርኩት በሁለቱ መካከል ነው።

ከማሽን ሁሉ የሚበልጠው ወተት አምጪ ሕፃኑን በእናቱ ባዶ ደረት ላይ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ዶ/ር ኤድጋር ሬይ ማሞቂያ ሲያንሳቸው ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ አስቀመጡ። የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው ከዚያ መጣ። በአገራችንም ዶ/ር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር አዲስ አበባ ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ቶሎ ደረት ላይ የተደረጉት ሕፃናት ከሌሎቹ በተሻለ ተርፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከውልደት ጀምሮ ይጀመር ብሏል። ይህን ሁሉ ስልካችሁ ላይ አንብባችኋል፤ ከእኛ ትውልድ የበለጠ ታነባላችሁ። ግን ክፍል ስገባ የማየው ሞኒተር ላይ ያፈጠጠ ነርስ ነው። ወንበር ስቦ ከእናትየዋ ጎን የሚቀመጥ ጥቂት ነው። ይህ ያሳዝነኛል። በሌላ በኩል ወጣት አባቶች ሸሚዛቸውን ከፍተው ልጃቸውን ሲያቅፉ ሳይ ይህን ትውልድ እመርቃለሁ። በእኛ ጊዜ አባት እስከ በሩ ድረስ ነበር።

ሕፃኑ በአፉ መመገብ ሲጀምር ጡጦ አትስጡት፤ በኩባያ ይልመድ። ጥቂት ስቦ ያርፋል፣ አታጣድፉት።

ስለ ሥራ እናቶች ደግሞ አንድ ነገር። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ይሰጣል። የሚቆጠረው ግን ከወለደችበት ነው፤ ልጇን ይዛ ቤቷ ከገባችበት አይደለም። ሁለት ወር ኮሪደር ላይ የቆየች እናት ልጇን ይዛ ቤቷ የምትቆይበት ጊዜ በጣም ያጥራል። ሕጉ እንዲህ ያለችውን እናት ቢያስብላት እወዳለሁ። እስከዚያው ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ወተቷን አልባ ማስቀመጥ አስተምሯት። በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፍሪጅ ውጭ እስከ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ቤት ልጁን የምትይዘው አያት ወይም ሠራተኛ ከሆነች እሷንም ጥሩና በኩባያ ማጠጣቱን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እናንተ እያያችሁ፣ በእጇ ትሞክረው።